«እሳት ቢነሳ ማንን ቀድመን እናውጣ?» ለአንዲት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። ክፍላችን 3ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ 8 አልጋ አለው። ባለፈው ሌሊት ቬንትሌተር (መተንፈሻ ማሽን) የተሰካበት ሶኬት ብልጭ ብሎ ጭስ አወጣ። ስፒናውን ነቅለን ሌላ ቦታ ሰካነው፤ ሶኬቱን በፕላስተር አሸግነዋል። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። እውነተኛ እሳት ቢነሳ ማንን ቀድመን ነው የምናወጣው? በደረጃስ እንዴት እናወርዳቸዋለን? ኦክስጅኑን እንዘጋለን ወይስ እንተወዋለን?»

ሲስተር፣ ሦስቱንም እመልሳለሁ። ግን ከደረጃው ልጀምር፤ እሱ ሲቃለል ሌላውም ይቀላል።

እሳት ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ግቢው ነው። በሽተኛውን ተሸክሞ፣ ደረጃ ወርዶ፣ ሜዳ ላይ ማስተኛት። ለቢሮ ሠራተኛ ልክ ነው። ለእናንተ ክፍል ግን አይሠራም። ቬንትሌተር ላይ ያለ ሰው በደረጃ ሲወርድ አንዱ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ይጨምቃል፣ አንዱ ቱቦውን ይጠብቃል፣ ቢያንስ አራት ሰው ደግሞ አንሶላውን ይሸከማል። ይህን ስምንት ጊዜ ያባዙት። በሌሊት ሺፍት ስንት ናችሁ? አራት? ታች ቢደርሱስ? ግቢው ውስጥ ኦክስጅን የለም፣ ሰክሽን (አክታ መምጠጫ) የለም፣ መብራትም ላይኖር ይችላል።

የምትሄዱት ሩቅ አይደለም። ከሚቀጥለው በር ማዶ ነው።

ሥራው ሁለት እርከን አለው። መጀመሪያ በዚያው ፎቅ ላይ ወደ ጎን ትሸሻላችሁ፤ በእናንተና በጭሱ መካከል ጠንካራ በር ይዘጋል። በአልጋ ጎማ ስለሚሄድ በሽተኛውን መሸከም የለም። እዚያ ቆማችሁ ትተነፍሳላችሁ፣ ትቆጥራላችሁ፣ ርዳታ ትጠራላችሁ። ወደ ታች መውረድ የሚመጣው ያ ቦታም የማያስተማምን ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔም ብዙ ጊዜ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አጠገባችሁ ይሆናሉ። በደንብ የታቀደ ሆስፒታል ለዚሁ ተብሎ 30 ወይም 60 ደቂቃ እሳት የሚቋቋሙ በሮች አሉት። የእናንተ ባይኖረውም ተስፋ አይቁረጡ። በደንብ የሚገጥም ወፍራም በር፣ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ተደፍኖበት፣ ጥሩ ጊዜ ይሰጣል። ክፍት የተተወ በር ግን የ60 ደቂቃም ቢሆን ዋጋው ዜሮ ነው። በሩን በወንበር ወይም በሲሊንደር ደግፎ ክፍት ማድረግ የሁላችንም ልማድ ነው፤ አውቃለሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ።

ለምን ጭሱን እንዲህ አጠበቅኩት? ሆስፒታል ውስጥ ከነበልባሉ በላይ ብዙ ሰው የሚገድለው ጭስ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2011 ሕንድ፣ ኮልካታ ከተማ፣ ኤኤምአርአይ በተባለው ሆስፒታል እሳቱ የተነሳው ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ጭሱ ግን ወደ ላይ ወጥቶ ተኝተው የነበሩትን አገኛቸው። 90 ያህል ሰው ሞተ፤ አብዛኛው ታፍኖ ነው።

ኢራቅ ውስጥ ባግዳድ የደረሰው ደግሞ የእናንተን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል። ኤፕሪል 24 ቀን 2021 ኢብን አል ኸጢብ ሆስፒታል፣ የኮቪድ ጽኑ ሕሙማን በተኙበት ክፍል፣ የኦክስጅን ሲሊንደሮች ፈነዱ። በይፋ የተነገረው የሟቾች ቁጥር 82 ነው። የአገሪቱ ሲቪል መከላከያ ያኔ ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛ፣ ሆስፒታሉ የእሳት መከላከያ ሥርዓት አልነበረውም፤ ኮርኒሱም እሳቱን ከቦታ ቦታ አዳረሰው። ሁለተኛ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የሞቱት ከቦታቸው ሲነሱ ከመተንፈሻ መሣሪያ በመለያየታቸው ነው፤ የቀሩት በጭስ ታፍነው። ሁለተኛውን ደግመው ያንብቡት። ማውጣቱ ራሱ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነው አጭሩን መንገድ የምመክረው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ፦ ማንን ቀድመን?

መጀመሪያ ለእሳቱ የቀረበውን። በዚህ ላይ ክርክር የለም። አልጋ 5 አጠገብ ከተነሳ አልጋ 5፣ ከዚያ ግራና ቀኙ። የበሽታው ክብደት፣ ዕድሜው፣ ማን እንደሆነ እዚህ ቦታ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ነው ልብ የሚከብደው። የቀሩት ከእሳቱ እኩል ርቀው ካሉና ጭሱ እየመጣ ከሆነ፣ ቶሎ የሚንቀሳቀሱት ይቀድማሉ። ራሱን ችሎ የሚተነፍስ፣ በአንድ ሰው የሚገፋ፣ መራመድ የሚችል ካለ እየተራመደ። ብዙ ማሽን ያለበት በመጨረሻ። ለሥራው የተሰጠን ሰው ደግሞ ይህን መስማት ያመዋል፤ የምንኖረው ለከባዱ በሽተኛ ነውና። ግን ሂሳቡን ይዩት። ኖርአድሬናሊን (የደም ግፊት የሚይዝ መድኃኒት) የሚወስድና ቬንትሌተር ላይ ያለ አንድ ሰው ሦስት ወይም አራት ባለሙያ ለብዙ ደቂቃ ይይዛል። በዚያው ጊዜና በዚያው ሰው ሦስት ሌሎች ይወጣሉ። ቀላሎቹ ሲወጡ ኮሪደሩ ይለቃል፣ የወጡትን አንድ ነርስ ይጠብቃቸዋል፣ የቀረው እጅ በሙሉ ለከባዱ ይመለሳል። ጭሱ ሌላ ክፍል ሆኖ ጊዜ ካለ ግን ከባዱን ቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ያኔ ውሳኔው የተረኛው ሐኪምና የሺፍቱ መሪ ነው።

አንድ ነገር ግን በዚያ ሰዓት አይወሰንም። በየሺፍቱ ርክክብ ላይ ተወስኖ ይደር። «ዛሬ የሚራመድ 2፣ በአልጋ የሚገፋ 3፣ ቬንትሌተር 3» ብሎ ነጩ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጭስ ውስጥ ቆሞ ከመከራከር ያድናል።

ሰው አይበቃንም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ለዚህ ነው ጥበቃውን፣ ጽዳቷን፣ ራነሩን (ተላላኪውን) ማሠልጠን ያለባችሁ። አምቡ ባግ መጨመቅ በአንድ ከሰዓት ይለመዳል፤ አልጋ መግፋት ደግሞ ለማንም ይቻላል፣ ፍሬኑ የት እንዳለ ካወቀ። ኮሪደር ላይ የሚያድሩ አስታማሚዎችም አሉ። እነሱ በዚያች ሰዓት ወይ ትልቅ ጉልበት ናቸው ወይ መንገድ የሚዘጋ ሕዝብ። ልዩነቱ አንድ ሰው ቆሞ «አንተ ይህን ግፋ፣ አንቺ በሩን ያዢ» ማለቱ ነው።

ከአልጋው ጋር ምን ይሄዳል? ትንሽ ነገር። አምቡ ባግ፣ ሲሊንደር፣ የደም ግፊቱን የያዘው መድኃኒት ያለበት ሲሪንጅ ፓምፕ፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያ። ካርዱ ፍራሹ ሥር ይግባ። አንቲባዮቲኩ፣ ምግቡ፣ ተራው ግሉኮስ ይቆረጣሉ፤ በኋላ ይደርሳል። ቬንትሌተሩ በባትሪ የሚሄድ ከሆነ ጥሩ፤ ግን ያ ባትሪ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተነው? ያረጀ ባትሪ «ፉል» ብሎ አሳይቶ አምስት ደቂቃ ላይቆይ ይችላል። የሕክምና መሣሪያ ባለሙያውን (ባዮሜዲካሉን) ይጠይቁት፣ ስፒናውን ነቅላችሁ ሰዓት ያዙ። በሽተኛ በሌለበት ብቻ፣ መቼም።

አሁን ኦክስጅን። ሰፋ አድርጌ የምጽፈው እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄዎ «እንዝጋ ወይስ እንተው» ቢሆንም ነገሩ ከዚያ በፊት ነው የሚጀምረው።

ኦክስጅን ራሱ አይነድም። ሌላውን ነው የሚያነድደው። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ 21 በመቶ ያህል ነው። ይህ ወደ 25 በመቶ ብቻ ከፍ ቢል እንኳ ጨርቅና ፀጉር በቀላሉ ይያያዛሉ፣ ይፈጥናሉም። ማስክ ከበሽተኛው ፊት አውልቃችሁ ፍሎው ሜትሩን (የኦክስጅኑን ፍሰት መቆጣጠሪያ) ሳትዘጉ ትራሱ ላይ ስታስቀምጡት፣ አንሶላውና ብርድ ልብሱ ኦክስጅኑን እየጠጡ ነው። ከዘጋችሁ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ጨርቁ ውስጥ ይቆያል። በዚያ ላይ አንዲት ብልጭታ ከወደቀች አልጋው ሲነድ ማየት ነው። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ በሽተኛው ላይ ካልሆነ ይዘጋ። አክታ ለመምጠጥ ስትነቅሉም፣ ለምግብ ስታወልቁም።

ሲሊንደር ላይ ደግሞ አንድ ልማዳችን አለ። በሽተኛ ለሲቲ ስካን ሲሄድ ሲሊንደሩን በእግሮቹ መካከል አጋድመን፣ እዚያው ቫልቩን ቸሰስ አድርገን እንከፍታለን። እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የአንድ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል እሳት የተነሳው እንዲህ ነው። አልጋ ላይ የተቀመጠ ሲሊንደር ሲከፈት በእሳት ተያያዘ። ክፍሉ በጭስ ተሞላ፣ በሽተኞቹን በሙሉ ማሸሽ ግድ ሆነ። ምንም የተለየ ጥፋት አልነበረም፤ ሁላችንም በየቀኑ የምናደርገው ነው። ቫልቭ በድንገት ሲከፈት ጋዙ ጠባብ ቦታ ላይ ተጨምቆ በኃይል ይሞቃል፤ እዚያ ቅባት ወይም ቆሻሻ ካለ ይቀጣጠላል። እንግዲህ፦ ሲሊንደሩ ይቁም፣ ከአልጋው ይራቅ፣ ቫልቩ በቀስታ ይከፈት፣ ደህና መሆኑ ይታይ፣ ከዚያ ወደ በሽተኛው ይምጣ። ቫዝሊን የነካ እጅ ወይም ሳኒታይዘር ያልደረቀበት እጅ ቫልቭ አይንካ። ቫልቩ ሲጠብቅ ዘይት ጠብ የሚያደርጉበት ደግሞ አሉ፤ ይህን ካዩ እጁን ይያዙት።

ሲሊንደሩ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ በጭንቅላት ማስላት ይቻላል። የውኃ መጠኑን (ውኃ ቢሞላ ስንት ሊትር እንደሚይዝ) በጌጁ፣ ማለትም በግፊት መለኪያው፣ ንባብ ማባዛት ነው። 10 ሊትር የሚይዘው ሲሊንደር ጌጁ 150 ባር ሲል 1500 ሊትር ኦክስጅን አለው። ጌጁ 75 ላይ ከሆነ 750። በማስክ በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ሰው 75 ደቂቃ ነው፤ ይበቃል። በደቂቃ 60 ሊትር በሚነፋው የአፍንጫ መሣሪያ ላይ ግን 12 ደቂቃ ተኩል ብቻ! ለዚህ ነው እንዲህ ያለውን በሽተኛ ስታንቀሳቅሱ ወደ ማስክ ወይም ወደ አምቡ ባግ የምትቀይሩት። ሁሌም ከመጨረሻው አንድ ሩብ የለም ብላችሁ አስቡ።

እንዝጋ ወይ? መልሱ አዎ ነው፤ ግን የሚዘጋው ሰውና ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። በግድግዳ ቱቦ የሚመጣ ኦክስጅን ካላችሁ ለክፍሉ የሚዘጋ ቫልቭ አለ፤ ብዙ ጊዜ ኮሪደር ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ። አንድ የደነገጠ ሰው ሮጦ ቢዘጋው ስምንት በሽተኛ ባንድ ጊዜ ኦክስጅን ያጣል። ማንም ሳይዘጋው ቢቀር ደግሞ ቱቦው እሳቱን ሲመግብ ያድራል። ስለዚህ ትዕዛዙ ከሺፍቱ መሪ ወይም ከተረኛው ሐኪም ብቻ ይምጣ። «ሁሉም ሲሊንደር ላይ ነው?» ብሎ ይጮኻል፣ ከየአልጋው መልስ ይሰማል፣ ከዚያ ይዘጋል። የአንድ አልጋ እሳት ከሆነ ግን ትዕዛዝ አይጠበቅም፤ የዚያ አልጋ ፍሎው ሜትር ወዲያው ይዘጋ። ኦክስጅን እየፈሰሰ ብርድ ልብስ ብትደርቡበት እሳቱ አይታፈንም። ዝጉ፣ ቱቦውን ከፊቱ አንሱ፣ የሚነደውን ጨርቅ ጎትታችሁ ጣሉ፣ ከዚያ አፍኑ።

ስለ እሳት ማጥፊያው ብዙ አልልም። የቆሻሻ ቅርጫት የሚያህል እሳት ከሆነ አንድ ሰው አንዴ ይሞክር፤ ሌሎቹ በሽተኛ ላይ ይሁኑ። ማሽንና ሶኬት ላይ ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው፤ ውኃ አይነካም። ጋዙ የሚወጣበትን ቀንድ በባዶ እጅ አይያዙት፣ በብርድ ያቃጥላል። ዱቄት ያለው ማጥፊያም እሳቱን ያጠፋል፤ ግን ጽኑ ሕሙማን ባሉበት ክፍል ዱቄቱ ዓይንም ሳንባም ይዘጋል፣ አማራጭ ካለ ይተውት። ከእሳቱ ጋር ስትታገሉ በሩ ከኋላችሁ ይሁን። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው፤ ሌላ ከተማ ከሆናችሁ የከተማችሁን ቁጥር ስልኩ አጠገብ በትልቁ ጻፉት። ሊፍት አይታሰብም።

አንድ ከራሴ ልንገርዎ። የሆስፒታሉን ስም ልተወው። የእሳት ልምምድ እናድርግ ብለን አልጋ ላይ ጓደኛችንን አስተኛን፣ አምቡ ባግ ይዘን ተነሳን። ባለ ሁለት ክፋዩ በር ላይ ስንደርስ ግማሹ ከላይ በመቀርቀሪያ ተዘግቷል። አልጋው በግማሽ በር አያልፍም። መቀርቀሪያው ተጣብቋል፤ ወንበር መጣ፣ አንዱ ወጥቶ ይታገላል፣ አልጋ ላይ ያለው ጓደኛችን ይስቃል። አልፈን ወደ አደጋ ጊዜ መውጫው ስንደርስ ያም ተቆልፏል። ቁልፉስ? «ጥበቃው ጋር ነው።» ጥበቃውስ? «ምሳ ወጥቷል።» ለካስ ሌባ ስላስቸገረ ነው የቆለፉት። አራት ደቂቃ ያህል ፈጀብን። በማግስቱ መቀርቀሪያው ዘይት ተቀባ፣ ቁልፍ ደግሞ በሩ አጠገብ በምትሰበር መስታወት ውስጥ ተንጠለጠለ። ወጪው ከአንድ ካርቶን ጓንት አይበልጥም ነበር።

እናንተም ይህን ነገ ማድረግ ትችላላችሁ። ሜትር ይዘው አልጋውን ከነጎኑ ይለኩ፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት ክፍል ድረስ ያለውን እያንዳንዱን በር። ባዶ አልጋ ይግፉ። ኮሪደሩ ላይ የተደረደረው አሮጌ ማሽን፣ የተሰበረው ዊልቸር፣ የሴረም ካርቶን የት ላይ እንደሚይዛችሁ ያኔ ይታያል። የምትሸሹበትን ክፍል ኃላፊም ያናግሩ፤ ስምንት አልጋ ድንገት ሲገባበት የሚደነግጥ ሰው በር ይዘጋል። ጎረቤት መቀበሉ ግን ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ለንደን ውስጥ ሮያል ማርስደን የተባለው የካንሰር ሆስፒታል ጃንዋሪ 2 ቀን 2008 ጣሪያው ሲቃጠል፣ ኦፕሬሽን ላይ የነበሩ ሳይቀሩ ወጡ፤ አጠገቡ ያለው ሮያል ብሮምፕተን ሆስፒታል ተቀበላቸው። አንድም ታካሚ በእሳቱ አልሞተም።

ጥቂት ትናንሽ ነገሮች። የነርሶች ክፍል ውስጥ ቡና የሚፈላበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ካለ፣ ከኦክስጅን ሲሊንደር ማስቀመጫው ጋር ግድግዳ ይጋራል ወይ? ቡናውን አልከለክልም፤ ምድጃው ግን ቦታ ይቀይር። ቤተሰብ ጠበል ይዞ ሲመጣ በአክብሮት ተቀበሉ፤ ጧፍ ከሆነ ግን ውጭ ይብራ። መብራት ሲሄድም ሻማ አይገባም፤ በየአልጋው አንድ የእጅ ባትሪ ይኑር።

በመጨረሻ ወደዚያ ሶኬት። በፕላስተር አሸግነዋል ብለዋል። ሲስተር፣ ፕላስተሩ ጨርቅና ሙጫ ነው፤ ውስጡ የላላ ሽቦ ካለ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ እየሞቀ ነው፣ ፕላስተሩ የሚሸፍነው ከዓይናችሁ ብቻ ነው። ጀርባዎን ሰጥተው አይተዉት። የዚያን መስመር ብሬከር የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ዛሬ ይጠሩ። ብሬከሩ ከመውረዱ በፊት ግን በዚያው መስመር ላይ የትኞቹ ማሽኖች እንዳሉ ይለዩ፤ ሁለት ቬንትሌተር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ነቅላችሁ የሰካችሁበትንም ቦታ ይዩት። ኤክስቴንሽን ከሆነ፣ እዚያው ላይ ሰክሽኑና ማሞቂያው አብረው ከተሰኩ፣ ችግሩን ከግድግዳው ወደ ወለሉ ነው ያወረዳችሁት። እጅዎን ኤክስቴንሽኑ ላይ ያሳርፉ። ከሞቀ ማሞቂያውን አሁኑኑ ይንቀሉት፤ ቬንትሌተሩ ለብቻው የግድግዳ ሶኬት ይሰጠው። ፎቶ አንስተው፣ ቀንና ሰዓት ጽፈው ለክፍሉ አስተባባሪ በጽሑፍ ያስገቡ፤ ኮፒውን ያስቀሩ።